ከአጥቢያ ዳኛ እስከ መጀመሪያ ደረጃ ችሎት፤ የአንድ ሙያ ሥነ ሥርዓት በመርካቶ ሠፈር

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ከመሐንዲስነት ውጭ ስላለ አንድ ሙያ ታሪክ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ ብዙ ሳላመነታ የመረጥሁት የታችኛውን ችሎት ዳኛ ነው። ለምርጫው ምክንያት የሆነኝም በመጽሐፍ ያነበብሁት ሳይሆን አንድ ቀን በችሎት ፊት ቆሜ የተማርሁት ነገር ስለሆነ፣ ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት እርሱን በአጭሩ መግለጽ ይገባኛል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በመርካቶ ውስጥ ሱቃቸው ግድግዳ የሚጋራ ሁለት ነጋዴዎች ተካሰሱ። የአንደኛው ሱቅ ግድግዳ ተሰንጥቋል፤ ሁለተኛው ደግሞ በዚያው ሰሞን ለግንባታ መሬት አስቆፍሯል። ዳኛው ጉዳዩ በባለሙያ እንዲጣራ አዘዙና ሥራው ለእኔ ደረሰኝ። አንድ ጧት ሄጄ ስንጥቆቹን ለካሁ፣ የግድግዳውን ዝንባሌ በውሃ ልክ አየሁ፣ ፎቶግራፍ አነሣሁ፤ ከዚያም «ግድግዳው የተሰነጠቀው በተከሳሽ ቁፋሮ ምክንያት ነው» የሚል የሁለት ገጽ ሪፖርት ጽፌ ፈረምሁ። በቀጠሮው ቀን ዳኛው ሪፖርቱን አንብበው ሲጨርሱ ቀና ብለው «የግድግዳውን መሠረት አይተውታል?» ሲሉ ጠየቁኝ። መሠረቱን እንዳላየሁት፣ ነገር ግን ከስንጥቁ አቅጣጫ መረዳት እንደሚቻል መለስሁ። እርሳቸውም ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ «እንግዲያውስ ያዩትንና የገመቱትን ለየብቻው ጽፈው ያምጡልኝ» ብለው ቀጠሮ ሰጡ። በዚያች ሰዓት የተሰማኝ ኀፍረት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። የጉዳዩን ፍጻሜ በጽሑፌ መጨረሻ እመለስበታለሁ። ለመሆኑ ይህ ያየውን ከገመተው የመለየት ልማድ በሀገራችን የታችኛው ችሎት ዘንድ እንዴት ተፈጠረ? ከየትስ ተነሥቶ የት ደረሰ? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን መመልከት ነው።

ገበያና ዳኛ

ገበያ ባለበት ሁሉ ክርክር አለ፤ ክርክርም ባለበት ዳኛ ይፈለጋል። መርካቶ ከመኖሩ በፊት የአዲስ አበባ ዋና ገበያ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። የዚያ ገበያ ሹም ነጋድራስ ይባላል። ነጋድራሱ ቀረጥ ሰብሳቢ ብቻ አልነበረም፤ የነጋዴዎችን ክርክር ሰምቶ የሚፈርድም እርሱ ነበር። በአጼ ምኒልክ ዘመን የአዲስ አበባ ነጋድራስ የነበሩት ኃይለ ጊዮርጊስ በኋላ እስከ ሚኒስትርነት መድረሳቸው የሹመቱን ክብደት ያመለክታል። በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች በተሾሙ ጊዜም የፍርድ ሚኒስትርነቱን የያዙት አፈ ንጉሥ ነሲቡ ነበሩ። ዳኝነት ከታች ከገበያው ተነሥቶ በወንበርና በአፈ ንጉሥ በኩል አልፎ እስከ ዙፋን ችሎት የሚደርስ አንድ ረጅም መሰላል ነበር ማለት ይቻላል።

በዚያ ዘመን የነበረው የሙግት ሥርዓት ለእኛ ለዛሬዎቹ ሰዎች እንግዳ ቢመስልም የራሱ ሥነ ሥርዓት ነበረው። ሁለት ሰዎች በመንገድ ላይ ቢጣሉ አንደኛው «በሕግ አምላክ» ካለ ሌላው መቆም ግዴታው ነበር። «በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» የሚለው አባባል የመጣውም ከዚህ ልማድ ነው። መንገደኛውም ቢሆን እንዲዳኝ ቢለመን ተቀምጦ ነገሩን ይሰማ ነበር። ተሟጋቾቹ ደግሞ በ«በላ ልበልሃ» እየተጠያየቁ፣ የክርክራቸውን ጥንካሬ በውርርድ እያስያዙ፣ ማር ወይም በቅሎ እሰጣለሁ እየተባባሉ ይከራከራሉ። ዛሬ ፍሬ ቢስ ጭቅጭቅ ለማለት የምንጠቀምበት «እሰጥ አገባ» የሚለው ቃል የዚያ የውርርድ ሙግት ቅሪት ነው። ዕዳውን ያልከፈለ ሰው ከባለ ገንዘቡ ጋር በአንድ ሰንሰለት የሚታሰርበት የቁራኛ ሥርዓትም ነበር።

ይህ ሥርዓት አንድ ትልቅ ጥንካሬና አንድ ትልቅ ድካም ነበረው። ጥንካሬው ችሎቱ የአደባባይ በመሆኑ ነው፤ ዳኛው የሚፈርደው ሰው ሁሉ እየሰማ ነው። ድካሙ ደግሞ ዳኛው በአብዛኛው ደመወዝ የሌለውና የሚተዳደረውም ከዳኝነት ክፍያና ከመቀጫ በሚያገኘው ድርሻ መሆኑ ነው። የሚፈርድበት ሰው ገንዘብ የዳኛውን ቤት የሚያቆም ከሆነ ሚዛኑ ከመነሻው የተዛባ ነው። ከዚህም በላይ ዳኝነት ከግዛት ሹመት ጋር የተጣበቀ ስለነበር ግብር የሚያስገባው፣ ሰላም የሚያስጠብቀውና ፍርድ የሚሰጠው አንድ ሰው ሆኖ ይገኝ ነበር።

የአዲስ ከተማ መመሥረትና የአጥቢያ ዳኛ

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የጣልያን ወረራ ጊዜ ወራሪው ከተማዋን በዘር ለመከፋፈል ባወጣው ዕቅድ መሠረት የአገሬው ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር ተደረገ። መርካቶ የሚለው ስም ገበያ ከሚለው የጣልያንኛ ቃል የመጣ ሲሆን ሠፈሩም አዲስ ከተማ ተባለ። ወራሪው ሲባረር ገበያው ግን ወደ ቀድሞ ቦታው አልተመለሰም። ከየአውራጃው የመጣ ነጋዴ፣ ሸማኔ፣ ቆርቆሮ ቀጥቃጭና ተሸካሚ በየተራውና በየበረንዳው ሠፈረ። በርበሬ በረንዳ፣ እህል በረንዳ፣ ሸማ ተራ፣ ምናለሽ ተራ እየተባለ ስም ወጣ። የተለያየ ቋንቋና ሃይማኖት ያለው ሕዝብ በአንድ ጠባብ ቦታ ላይ ሲከማች የድንበር፣ የዱቤ፣ የስድብና የአነስተኛ ስርቆት ክስ መብዛቱ የማይቀር ነበር።

ነፃነት እንደተመለሰ በ1934 ዓ.ም. የወጣው ስለ ፍርድ አሠራር የሚናገረው አዋጅ ቁጥር 2 ፍርድ ቤቶችን በደረጃ አደራጀ፤ ዳኞችም ከሕግ በቀር ለሌላ ሥልጣን እንዳይታዘዙ ደነገገ። ይሁን እንጂ በየጠቅላይ ግዛቱ አገረ ገዢው በችሎት መሰየሙ አልቀረም ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1947፣ አዋጅ ቁጥር 90 የአጥቢያ ዳኛን አቋቋመ። የአጥቢያ ዳኛ ሥልጣን ጠባብ ነው፤ በፍትሐ ብሔር እስከ 25 ብር፣ በወንጀል እስከ 15 ብር መቀጫ ድረስ ነው።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ለዚህ ዳኛ ሥራውን በግልጽ ቆርጦ ሰጠው። ይኸውም ስድብን፣ ቀላል የእጅ እልፊትን፣ በንብረት ላይ የደረሰ አነስተኛ ጉዳትንና ዋጋው ከ5 ብር የማይበልጥ ስርቆትን በተቻለ መጠን በእርቅ እንዲጨርስ፣ እርቅ ካልሆነ ከሁለት አማካሪዎች ጋር ተቀምጦ እንዲፈርድ፣ ቅር የተሰኘው ወገንም ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት ይግባኝ እንዲል የሚያዝዝ ነው። በዚህ ድንጋጌ ውስጥ ሦስት ነገሮችን እናስተውል። አንደኛ፣ ዳኛው ሊያስታርቅ ይሞክራል፤ ይህ የአገር ልማድ ነው። ሁለተኛ፣ ብቻውን አይፈርድም። ሦስተኛ፣ ከእርሱ በላይ የሚያርመው አለ። አምስት ብር ለማትሞላ ዕቃ ይህን ያህል ጥንቃቄ መደረጉ ለአንዳንዱ የበዛ ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን አምስት ብር ለመርካቶ ተሸካሚ የስንት ቀን እንጀራ እንደነበረች የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይልም።

የጽሑፍ ፍርድ ዘመን

ከ1949 እስከ 1958 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት የሀገሪቱ ዋና ዋና ሕጎች ተጠቃለው ወጡ። የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1949፣ የፍትሐ ብሔርና የንግድ ሕጎች በ1952፣ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በ1954፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በ1958 ዓ.ም. ታወጁ። በ1956 ዓ.ም. ደግሞ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ተከፈተ። በዚህ ጊዜ በየወረዳውና በየአውራጃው ወንበር ላይ የነበሩት አብዛኞቹ ዳኞች ሕግን በልምድ እንጂ በትምህርት ቤት ያላጠኑ እንደነበሩ መዘንጋት የለበትም። በድንገት በሺህ የሚቆጠሩ አንቀጾች ተሰጥተዋቸው በእነርሱ እንዲፈርዱ ሆነ።

ለእኔ አስተሳሰብ ከእነዚህ ሕጎች ሁሉ የታችኛውን ዳኛ ሥራ በመሠረቱ የለወጠው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ስለ ፍርድ አጻጻፍ የደነገገው ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጭብጥ፣ በጭብጡ ላይ የተሰጠውን ውሳኔና የውሳኔውን ምክንያት መያዝ አለበት፤ የፈረዱትም ዳኞች ይፈርሙበታል። በሐሳብ የተለየ ዳኛም የልዩነቱን ምክንያት ያሰፍራል። ቀድሞ ዳኛ «ፈርጃለሁ» ካለ በቂ ነበር፤ አሁን ግን «ስለዚህ ፈረድሁ» ማለት ተገደደ። እኛ መሐንዲሶች ይህን በቀላሉ እንረዳዋለን። የምሰሶውን ውፍረት ብቻ ጽፎ የስሌቱን ወረቀት ያላያያዘ ዲዛይን ምናልባት ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሊመረመር አይችልም። ሊመረመር የማይችል ሥራም ሙያ አይባልም።

የቀበሌ ፍርድ ሸንጎ

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ታወጀ። በመርካቶ ይህ አዋጅ ያላንኳኳው በር አልነበረም። ያው አዋጅ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን ሲያቋቁም የፍርድ ሸንጎም እንዲኖራቸው አደረገ፤ በ1969 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 104 ይህን አጠናከረው። ሦስት የተመረጡ ነዋሪዎች፣ የሕግ ትምህርት ሳይጠየቁ፣ ከየሥራቸው መልስ ተሰይመው የጎረቤቶቻቸውን ክርክር ይሰሙ ጀመር።

ስለዚህ ሸንጎ ስንናገር ሚዛናዊ መሆን ይገባናል። በአንድ በኩል ፍርድ ለድሃው ቀረበለት። ጠበቃ ሳይዝ፣ የትራንስፖርት ሳይከፍል፣ በሚያውቀው ቋንቋና በሚያውቁት ሰዎች ፊት የኪራይ፣ የአጥርና የፍሳሽ ክርክሩን ጨረሰ። በሌላ በኩል ግን በቀይ ሽብር ዘመን ያው ቀበሌ እስር ቤትም አብዮት ጥበቃም ነበረው። ከባዱ የፖለቲካ ክስ በ1967 ዓ.ም. ወደ ተቋቋመው ልዩ የጦር ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ብዙው ደግሞ ከናካቴው ወደ ምንም ፍርድ ቤት ሳይደርስ ቀርቷል። አሳሪውና ፈራጁ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲያድሩ፣ የሸንጎው አባል ምንም ያህል ቅን ቢሆን፣ ተከራካሪው በልበ ሙሉነት ሊናገር አይችልም። ከነጋድራሱ ዘመን ጀምሮ የነበረው ድካም፣ ማለትም ሹመትና ዳኝነት መጣበቃቸው፣ በሌላ ልብስ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአዲስ አበባ ከተማ ቻርተርም የቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤቶችን እስከ 5,000 ብር በሚደርስ ክርክር ላይ ሥልጣን ሰጥቷቸው ነበር፤ ስለሆነም የአጥቢያው ዳኛ ሐሳብ በተለያየ ስም ግማሽ ምዕተ ዓመት የኖረ መሆኑን እንረዳለን።

የመጀመሪያ ደረጃ ዳኛና የሥነ ሥርዓት ዋጋ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ዳኞች በሕግ ብቻ እንዲመሩ ደነገገ። አንድ ዳኛ ከፈቃዱ ውጭ ከሥራው የሚነሣው የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ የሥነ ሥርዓት ጥፋት መፈጸሙን፣ ጉልህ የሥራ ችሎታና ቅልጥፍና ማነስ እንዳለበት ወይም በሕመም ምክንያት ሥራውን ማከናወን የማይችል መሆኑን ሲወስንና የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በአብላጫ ድምፅ ሲያጸድቀው ነው። በ1988 ዓ.ም. የወጡት አዋጆች ቁጥር 24 እና 25 ጉባኤውንና የፌዴራል ፍርድ ቤቶችን አቋቋሙ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በሁለቱም ጉዳዮች ላይ አዋጆች ቁጥር 1233 እና 1234 ወጥተዋል። ቀድሞ እስከ 500,000 ብር የነበረው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የፍትሐ ብሔር ሥልጣን ወደ 10 ሚሊዮን ብር ከፍ ብሏል። ከአጥቢያው ዳኛ 25 ብር ጋር ሲነጻጸር፣ የብር የመግዛት አቅም መቀነሱ እንኳ ቢታሰብ፣ የታችኛው ዳኛ የተሸከመው ኀላፊነት ምን ያህል እንደከበደ ይታያል።

ይሁን እንጂ የሥነ ሥርዓት ክብደት የሚታወቀው በሕግ ወረቀት ላይ ሳይሆን በፈተና ቀን ነው። በዚህ ረገድ በአዲስ አበባ የችሎት ታሪክ ውስጥ በይፋ የሚታወቀው ምሳሌ የወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ነው። በ1993 ዓ.ም. የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው በተያዙ ጊዜ ጉዳዩ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት በወጣቷ ዳኛ ፊት ቀረበ። ዳኛዋም የዋስትና መብት እንዲጠበቅላቸው አዘዙ። ተጠርጣሪው ግን ከፍርድ ቤቱ ብዙ ሳይርቁ ተመልሰው ተያዙ፤ በዚያው ሰሞንም በሙስና የተጠረጠረ ሰው በዋስ እንዳይለቀቅ የሚከለክል ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 239፣ ወጣ። በ1997 ዓ.ም. ሕጉ እንደገና ሲሻሻል ክልከላው ከ10 ዓመት በላይ በሚያስቀጡ ወንጀሎች ላይ ብቻ እንዲወሰን ተደረገ። ዳኛዋ በኋላ ወንበራቸውን ለቀው ጠበቃ፣ ቀጥሎም ፖለቲከኛ ሆኑ፤ ታስረዋል፣ ተሰደዋል፤ በ2011 ዓ.ም. የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሹመው እስከ 2015 ዓ.ም. አገልግለዋል።

የኋለኛው የፖለቲካ ሕይወታቸው የየራሳችን አስተያየት ሊኖረን የሚችልበት ጉዳይ ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ርዕስም አይደለም። እኔን የሚያስተምረኝ የዚያች አንዲት ቀን ትእዛዝ ነው። ዳኛዋ ተጠርጣሪው ጥፋተኛ አይደለም አላሉም፤ የፈረዱት በዕለቱ በሥራ ላይ በነበረው ሕግ መሠረት ዋስትና ይገባዋል ወይስ አይገባውም በሚለው ጭብጥ ላይ ብቻ ነበር። ሕጉ በማግስቱ ሊለወጥ ይችላል፤ ሕግ አውጪው ሥልጣኑ ነው። የትናንቱ ትእዛዝ ግን የሚመዘነው በትናንቱ ሕግ ነው። እኛም የአንድን ድልድይ መሐንዲስ ጥፋት የምንመዝነው ድልድዩ በተሠራበት ጊዜ በነበረው የግንባታ ደንብ ነው እንጂ ከዚያ በኋላ በወጣው አይደለም። ልዩነቱ እኛ በስሌታችን ስለጸናን ወንበር የምናጣበት ጊዜ ጥቂት መሆኑ ነው።

ከዳኛው የምንማረው

የዳኛ ሙያዊ ሥነ ሥርዓት ሲጠቃለል በአራት ነገሮች ላይ የቆመ ነው ብዬ አምናለሁ። የመጀመሪያው ራስን ማግለል ነው። ዳኛ ከተከራካሪው ጋር ዝምድና ካለው፣ ቀድሞ በጉዳዩ ጠበቃ ወይም ወኪል ሆኖ ከሠራ፣ ከአንዱ ጋር ሌላ ክስ ካለው፣ ማንም ሳያስታውሰው ከችሎቱ መነሣት አለበት። ሁለተኛው ሁለቱንም ወገን መስማት ነው። ሦስተኛው በመዝገቡ ውስጥ ባለው ማስረጃ ብቻ መወሰን ነው፤ ዳኛ በመንገድ የሰማውን ይዞ ወደ ወንበር አይወጣም። አራተኛው ምክንያትን ጽፎ መፈረምና ለይግባኝ ራስን ማጋለጥ ነው። የበላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሲሽርበት አይቀየምም፤ የሙያው አካል ነውና።

ከእነዚህ ከአራቱ በእኛ ሙያ የማይሠራ የትኛው ነው? የሥራ ተቋራጭ ወንድም ሆኖ የዚያን ሥራ ክፍያ የሚያጸድቅ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ከመጀመሪያው ጋር ይጋጫል። የአሠሪውን ብቻ ሰምቶ የጥፋት ሪፖርት የሚጽፍ ከሁለተኛው፣ ሳይለካ የሚፈርም ከሦስተኛው፣ ስሌቱን የሚደብቅ ከአራተኛው ይጋጫል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በአንቀጽ 2031 በማናቸውም ሙያ የሚሠራ ሰው የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ይህ አንቀጽ ለሐኪምና ለጠበቃ ብቻ የተጻፈ አይደለም።

አሁን ወደ ግድግዳው ልመለስ። ከችሎት ከተመለስሁ በኋላ ሁለቱም ወገኖች ባሉበት ከግድግዳው ሥር አስቆፈርሁ። መሠረቱ በጭቃ የተገነባ ድንጋይ ሆኖ ጥልቀቱ አንድ ክንድ እንኳ አይሞላም። ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጠኝ ግን ከከሳሹ ከራሱ ሱቅ ጀርባ የተሰበረ የፍሳሽ ቱቦ ውሃ ወደ መሠረቱ እየገባ አፈሩን ለረጅም ጊዜ ሲያጥበው መኖሩ ነው። የተከሳሹ ቁፋሮ ከግድግዳው ርቆ ያበቃል፤ በስንጥቁ ላይ ድርሻ ነበረው ለማለት የሚያበቃ ምልክትም አላገኘሁም። ሁለተኛውን ሪፖርት በሁለት ክፍል፣ «የታየ» እና «የተገመተ» ብዬ ጻፍሁ፤ የመጀመሪያው ሪፖርቴ ስሕተት እንደነበረም በግልጽ አሰፈርሁ። ዳኛው አንብበው «ይህ ይበቃናል» አሉ እንጂ አልወቀሱኝም። በኋላ ተከራካሪዎቹ ቱቦውን በጋራ ለማስጠገን ተስማምተው ጉዳዩ በእርቅ ተዘጋ።

ብዙ ጊዜ የማስበው ያ ጥያቄ ባይጠየቅ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ነው። ተከሳሹ ባላፈረሰው ግድግዳ ይከፍል ነበር፤ ሱቁንም ሊያጣ ይችል ነበር። ከሳሹም ፍርድ አግኝቶ አዲስ ግድግዳ በሠራ፣ ቱቦው ግን እርሱንም ባፈረሰው ነበር። ጥፋቱን የሚፈጽመው የእኔ ፊርማ፣ የሚያጸድቀው የዳኛው ፊርማ ይሆን ነበር። ከነጋድራሱ አደባባይ ተነሥቶ በአጥቢያ ዳኛና በቀበሌ ሸንጎ በኩል እስከ ዛሬው ችሎት የደረሰው ረጅም ጉዞ የተደከመለት በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ ዳኛ «አይተውታል?» ብሎ እንዲጠይቅ ነው። የሙያ ባልደረቦቼ ሆይ፣ ከመፈረማችን በፊት ይህን ጥያቄ ለራሳችን ብናቀርብ ችሎት እስኪጠይቀን መጠበቅ አያስፈልገንም።